ባዶውን ወረቀት አልፈተንሁም

የንስሐ አባቴ በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ኃጢአቴን ይጠይቁኛል። እኔ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝና እንደ ትምህርት አከፋፍዬ እነግራቸዋለሁ፤ መጀመሪያ በአፌ የሠራሁትን፣ ቀጥሎ በእጄ የሠራሁትን፣ በመጨረሻ በልቤ ያሰብሁትን። ስጨርስ «ሌላስ፣ ልጄ?» ይሉኛል። እኔም «ሌላ የለም፣ አባ» እላለሁ።

አለ። ጠላት በአገራችን ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አለ። በየዓመቱ ተጠይቄ በየዓመቱ ሸሽጌዋለሁ። ለእናቴም፣ ለወንድሜም፣ ሰክሬም እንኳ ለማንም አልተነፈስሁትም። ለእሳቸው ያልነገርሁትን ፊታችሁን ለማላየው ለእናንተ ልነግር ነው፤ ይህም ራሱ ፍርሃት መሆኑ አይጠፋኝም።

ሰው ከሰስሁ። ያላደረገውን አድርጓል ብዬ አስረዳሁ። መሳሳቴን ባወቅሁ ጊዜ ሰውዬው ገና በሕይወት ነበር፤ ገና እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነበር፤ በእግር ሄጄ ልደርስበት እችል ነበር። ዝም አልሁ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ማብራሪያ ነው፤ ማብራራት ደግሞ ሥራዬ ነው፣ ያጠፋሁትም በእሱው ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። የቄስ ትምህርት ተምሬ ነበር፤ የጣልያንኛውን ቋንቋ ደግሞ ከገበያ ለቃቅሜ ነበር። በዚህ ምክንያት ጣልያኖች ከከተማው ዳር ባቆሙት የሞተር ወፍጮ ቤት ሥራ ሰጡኝ። ወፍጮው የሚፈጨው ለምሽጉ ዳቦ ቤት ነበር። የእኔ ሥራ ዱቄቱን መፈተን ነበር።

የሚፈተንበትን ምክንያት ላስረዳ። ወፍጮውን የሚያዞረው ብረት ጫፍና ጫፉ ላይ ኩሽኔታ አለው፤ ብረቱ ሳይፋጭ እንዲሽከረከር የሚይዘው ቀለበት ነው። ኩሽኔታ ያለ ግራሶ፣ ማለት ያለ ወፍራም የሞተር ቅባት፣ አይሠራም። ግራሶው ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀልጥ ይንጠባጠባል፣ ከሥሩ ዱቄት ካለ ዱቄቱ ላይ ያርፋል። ጠብታዋ ትንሽ ስለሆነች በዓይን አትታይም። እኔ ከመግባቴ በፊት የምሽጉ ዳቦ ሞተር ሞተር ሸትቶ ወታደሮቹ ወርውረውት ነበር አሉ። ስለዚህ ካቦው፣ ማለት የወፍጮው አለቃ የነበረው ጣልያን፣ አንድ ዘዴ አስተማረኝ።

ስስ ነጭ ወረቀት ትወስዳላችሁ። ከጆንያው አንድ ቁንጥር ዱቄት መሀሉ ላይ ታደርጋላችሁ። ሌላ ወረቀት ትደርቡበትና በከሰል በጋለ ካውያ መቶ እስክትቆጥሩ ትጫኑታላችሁ። ከዚያ ዱቄቱን አራግፋችሁ ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ትይዙታላችሁ። ዱቄቱ ንጹሕ ከሆነ ወረቀቱ እንደ ነበረ ነው። ግራሶ ካለበት ብርሃን የሚያሳልፍ ነቁጥ ታያላችሁ። ውሃ ቢሆን ይደርቃል፤ ቅባት ግን አይደርቅም።

ይህን ዘዴ እንዴት እንደ ወደድሁት! ለሚሰማኝ ሁሉ እተርክ ነበር። «ሰው ይዋሻል፣ ወረቀት አይዋሽም» እል ነበር። ማን ጠየቀኝ?

ኩሽኔታውን የሚቀባው አያ ታፈረ ነበር። ከአማኑኤል ወዲህ ካለ ገጠር የመጣ፣ አርባን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት ሰው። በየማለዳው ከሁሉ በፊት ይገባና ከኩሽኔታው ሥር የታጠበ ጨርቅ ያስራል፤ ጠብታ ቢወርድ ጨርቁ እንዲይዘው። ማታ ፈትቶ አጥቦ ያሰጣዋል። ይህን እንዲያደርግ ያዘዘው ሰው አልነበረም፤ ከራሱ ያመጣው ነው። እሱ ከመጣ ወዲህ በወረቀቴ ላይ አንድም ነቁጥ አይቼ አላውቅም።

ግራሶውን በጣቱ እየጠቀጠቀ ይቀልድ ነበር። «ይቺ ወፍጮ ከእማዋይሽ በላይ ቅባት ትወዳለች። እማዋይሽስ ለበዓል ብቻ ነው፤ ይቺ በየቀኑ!» እማዋይሽ ሚስቱ ናት። እኔን ደግሞ ጢም ሳላበቅል «የኔታ» ይለኝ ነበር። «እህሳ የኔታ፣ ዛሬስ ወረቀትህ ምን ትንቢት ተናገረ?»

«ንጹሕ ነው፣ አያ።»

«እንግዲያ ለራሴ እንጀራ ልብላ።»

አንድ ቀን ከጫኞቹ አንዱ ጎሸመው። «አያ ታፈረ፣ ለጣልያን ሆድ ይህን ያህል መጨነቅህ ምንድን ነው? ትንሽ ብታጠጣቸውስ?» አያ ታፈረ አልሳቀም። «ዱቄት እህል ነው። የሚበላው ሰይጣንም ይሁን፣ እህል እህል ነው። በእህል ላይ ጠብታ ካሳረፍሁ ይቺ እጄ ትቆረጥ» አለ። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ታናሽ ወንድሙ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፤ ማናችንም አናነሣውም።

በጥር ጓደኛዬ አገባና ሚዜ ሆንሁ። እሑድ ዕለት የሙሽራዪቱ እናት ሚዜዎቹን በተራ አስቀምጠው ከአሪቲ ቅጠል ጋር የታሸ ለጋ ቅቤ አናታችን ላይ ጫኑብን። «ሚዜ ከቤቴ ደረቅ ራስ ይዞ አይወጣም» አሉ። እንዲህ ያለ ቅቤ በማግሥቱ ታጥቦ አይጣልም፤ ነውር ነው። ሰኞ ጠዋት ቅቤዬን እንደ ተሸከምሁ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

እኔ ደግሞ አንድ ልማድ አለብኝ፤ እርሳሴን ጠጉሬ ውስጥ እሰካለሁ። ባወጣሁና በመለስሁ ቁጥር ጣቴ ጠጉሬን ይነካል። ሌላም ልማድ አለብኝ፤ ወረቀቱ እንዳይጠቀለል ዱቄት ሳላደርግበት መሀሉን በአውራ ጣቴ ጫን አደርገዋለሁ። አሁን ሁለቱን ልማዶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣቸዋለሁ። ያን ጊዜ አላስቀመጥኋቸውም። አላሰብሁም። ቅቤ የጠጉር ነው፣ ግራሶ የብረት ነው፤ በልቤ ሁለቱ በአንድ ቤት የማይኖሩ ነገሮች ነበሩ። ወረቀቱ ግን አይለያቸውም። ለወረቀት ቅባት ሁሉ ቅባት ነው።

ያን ጠዋት አሥራ ሁለት ጆንያ ፈተንሁ። በአሥራ ሁለቱም ወረቀት ላይ ነቁጥ ታየ።

ምን ተሰማኝ? እውነቱን ካልጻፍሁ ይህ ኑዛዜ አይባልም። ደስ አለኝ። ወራት ሙሉ ባዶ ወረቀት ሳይ ኖሬ በመጨረሻ ዘዴዬ አንድ ነገር አገኘ። ወረቀቶቹን በተራ ቁጥር አሰልፌ ይዤ ወደ ካቦው ሮጥሁ።

ካቦው ፊቱ ቀላ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የምሽጉ ሹም ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። አስተርጓሚው የአገራችን ሰው፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ቀልድ የሚወድ ነበር። ሹሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ በድንገት የተንጠባጠበ ነው ወይስ ሆን ተብሎ የተደረገ?

«አላውቅም» ማለት እችል ነበር። እውነቱም እሱ ነበር፤ አላውቅም ነበር። እኔ ግን አብራራሁ። ጣቴን ቀስሬ፣ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አብራራሁ። «በድንገት ቢሆን አንዱ ጆንያ ላይ ይወርዳል፣ ሌላው ላይ አይወርድም። እነዚህ ግን አሥራ ሁለቱም እኩል ናቸው። እኩል የሆነ ነገር አንድ ምክንያት አለው። የአንድ ሰው እጅ አለበት» አልሁ።

ትክክል ነበርሁ። የአንድ ሰው እጅ ነበረበት። አሥራ ሁለቱንም የነካ አንድ እጅ፣ በፊታቸው ጣቱን ቀስሮ ያስረዳ ነበር።

አያ ታፈረን ከሞተሩ ሥር ጎትተው አወጡት። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ሲነግሩት ተፍጨረጨረ። «እኔ? ጨርቁን እዩት! ጨርቁ ደረቅ ነው፣ ፈትታችሁ እዩት!»

አስተርጓሚው ጨርቁን ዘወር ብሎም አላየው። «ጨርቅ ምን ያውቃል? የሚናገረው ወረቀቱ ነው።»

ያን ጊዜ አያ ታፈረ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «የኔታ፣ እስኪ ደግመህ እየው» አለኝ። «ወንድሜ፣ ደግመህ እየው።»

«አሥራ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፣ አያ» አልሁት።

ወሰዱት። ስለ ወንድሙ የነገራቸው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እኔ አልነገርሁም። ይህን የምጽፈው ግን ለምንድን ነው? ያልሠራሁትን ቆጥሬ የሠራሁትን ላቀልል ነው? ልተወው።

ወፍጮው ቆሞ ሰንብቶ ረቡዕ ቀትር ላይ አዲስ ዱቄት ልፈትን ወረቀት አወጣሁ፤ መሀሉን እንደ ልማዴ ጫን አደረግሁ። ዱቄት ሳልጨምርበት ካውያው አለመጋሉን አየሁና ልጠብቅ ወደ መስኮቱ ዞርሁ። ወረቀቱ በእጄ ነበር። ብርሃን አለፈበት። መሀሉ ላይ ነቁጥ ነበር።

ባዶ ወረቀት ነበር። ዱቄት ያልነካው ወረቀት ነበር።

አቀርቅሬ ብመለከተው በነቁጡ ውስጥ ቀጫጭን ክብ መስመሮች አሉ፤ የአውራ ጣት መስመሮች። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። አሪቲ ሸተተኝ። እጄን ወደ ራሴ ሰደድሁ፤ እርሳሴን ከጠጉሬ ነቀልሁት፤ ቅቤው እርሳሱ ላይ ያብለጨልጭ ነበር።

እርሳሱን ከልማድ መልሼ ሰካሁና በሩን ዘግቼ እጄን በእንዶድ ፈተግሁ። ለምሽጉ በቅሎዎች ይሰጥ ተብሎ ጥግ ከተከመረው ከእነዚያው አሥራ ሁለት ጆንያዎች በማንኪያ ቀድቼ፣ በጣቴ ጫፍ በያዝሁት አዲስ ወረቀት ፈተንሁ። ንጹሕ ነው። ሁለተኛውን ፈተንሁ። ንጹሕ ነው። ስድስት ፈትኜ ተውሁት። «ደግመህ እየው» ብሎኝ ነበር። ይኸው ደግሜ አየሁ። በሦስተኛው ቀን አየሁ።

ወዲያው ወደ ምሽጉ ሄድሁ፤ ይህን አልክድም። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን በቅደም ተከተል አዘጋጀሁ። አንደኛ ባዶው ወረቀት፣ ሁለተኛ ሽታው፣ ሦስተኛ የድጋሚው ፈተና። እየቀረብሁ ስሄድ ግን ሌላ ቅደም ተከተል በልቤ ተነሣ። አንደኛ፣ ሹሙን አታልለሃል ይሉኛል። ሁለተኛ፣ የሽፍታ ወገን ነህ ይሉኛል። ሦስተኛ፣ እሱን አውጥተው እኔን ያስገባሉ።

ከበሩ ፊት ለፊት እማዋይሽ አገልግል ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሦስት ቀን ሙሉ ምግቡን አልቀበልም እያሏት ነበር። ከሳሹ እኔ መሆኔን አታውቅም፤ የወፍጮ ቤቱ ልጅ መሆኔን ብቻ ታውቃለች። ነጠላዬን ያዘችኝ። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ቋንቋቸውን ታውቃለህ። አፍ ሁነኝ። ታፈረ ቅባት በእህል ላይ የሚያደርግ ሰው አይደለም በላቸው።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኋት።

በሩ ተከፈተና አስተርጓሚው ብቅ አለ። «ምነው ሊቁ? ሌላ ጆንያ ያዝህ እንዴ?»

አፌን ከፈትሁ። ሦስቱም ነጥብ በአፌ ውስጥ ነበሩ። «አይ... ሰኞ ዕለት እርሳሴ ከወረቀቶቹ ጋር ወደዚህ የመጣ መስሎኝ ነው» አልሁ።

አየኝና በሳቅ ፈነዳ። «እርሳስህማ ራስህ ላይ ተሰክቷል! ሊቅ ማለት እንዲህ ነው፣ ራሱ ላይ ያለውን አያይም!»

እኔም ሳቅሁ። እማዋይሽ ከኋላዬ ቆማ እየጠበቀች፣ ማስረጃው አናቴ ላይ ተሰክቶ እያለ፣ ከእሱ ጋር ሳቅሁ። ምን እንዳለኝ ስትጠይቀኝ «ይጣራል፣ ይለቁታል» ብያት ሄድሁ።

ሐሙስ አልሄድሁም። ዓርብ ማለዳ የእስረኛ ካሚዮን በደጀን መንገድ ወደ ዓባይ ወረደ። አያ ታፈረ ከላይ ተቀምጦ እንደ ነበር ያዩት ነገሩኝ። ከነጻነት በኋላ ከየእስር ቤቱ ሰው ሲመለስ፣ ከደጀን የሚመጣ መኪና በሰማሁ ቁጥር ወጥቼ እቆም ነበር። እንዲመለስ ተመኝቼ ነበር? ወይስ እንዳይመለስ? እስከ ዛሬ መልሱን አላውቅም። አልተመለሰም።

አሁን መምህር ነኝ። የኔታ ብሎ የቀለደብኝ ነገር እውነት ሆነ። ነገር ግን ከሁሉ የከፋው ገና አልመጣም።

ከተማው አያ ታፈረን ጀግና አድርጎታል። «የጠላትን ዱቄት ግራሶ ያጠጣው» ይሉታል። በድግስ ላይ እማዋይሽን ከፍ ካለው ቦታ ያስቀምጧታል። ልጁ አንጓች ክፍሌ ውስጥ ናት። አንድ ቀን ስለ ወላጆቻችሁ ተናገሩ ብዬ ባዘዝሁ ጊዜ ተነሥታ «አባቴ ብቻውን፣ ያለ ጠመንጃ፣ በአንድ እፍኝ ግራሶ የጣልያንን ምሽግ አስራበ» አለች። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብሁ።

ከዚያ ጀምሮ አንድ ምክንያት በልቤ ተደላድሎ ተቀመጠ። ብናገር ክብራቸውን እነጥቃለሁ፤ ዝምታዬ ለእነሱ ምጽዋት ነው። እንዴት ያማረ ምክንያት ነው! ፈሪ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ያገኛል? ነገር ግን የያዛችሁልኝን ቃል መልሱልኝ። «በእህል ላይ ጠብታ ካሳረፍሁ ይቺ እጄ ትቆረጥ።» የአያ ታፈረ ክብር ይህ ነበር፤ ጀግንነቱም ጨርቁ ነበር። እኔ መጀመሪያ አካሉን ወሰድሁ፤ ቀጥሎ ንጹሕ እጁን ወሰድሁ። ዛሬ ቢመለስና ሰው «ዱቄቱን እንዴት አበላሸኸው?» ብሎ ቢያሞግሰው ያፍር ነበር። እማዋይሽም ያን ቀን በበሩ ላይ የምታውቀውን እውነት እኔ አስረሳኋት።

ባለፈው ሳምንት ለክፍሌ ስለ ቅባት አስተማርሁ። ኑግ ወቅጬ፣ ወረቀት ላይ ተጭኜ፣ ነቁጡን በመስኮት አሳየኋቸው። «ስለዚህ በኑግ ውስጥ ቅባት አለ» አልሁ። አንጓች እጇን አነሣች።

«መምህር፣ ወረቀቱ አስቀድሞ ንጹሕ መሆኑን በምን አወቅን?»

አባቷ ደግመህ እየው ሲለኝ እንዳልተቆጣ እሷም አልተቆጣችም። ማወቅ ብቻ ነው የፈለገችው። ልጆቹን ያለ ሰዓታቸው ለዕረፍት አስወጣኋቸውና ወንበሬን ይዤ ተቀመጥሁ።

ነገ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወደ እማዋይሽ ቤት እሄዳለሁ፤ እናትና ልጅ ባሉበት እናገራለሁ። ቢያባርሩኝ፣ ቢረግሙኝ፣ ለዳኛ ቢሰጡኝ የእነሱ ነው። ራሴን ግን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ብዬ ወጥቼ «እርሳሴን ረስቼ ነው» ብዬ የተመለስሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ዛሬውኑ ለንስሐ አባቴ አስረክባለሁ። ነገ አፌ ቢያያዝ፣ እሳቸው ወደ እማዋይሽ ይዘውት ይሂዱ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ሊምረኝ የሚችለው በዓባይ በኩል ወርዶ ቀርቷል። ልጅ ነበርሁ አልልም። ጠላት ነው የገደለው አልልም። ደግመህ እየው ተብዬ ነበር።

ያ የረቡዑ ወረቀት በዳዊቴ ውስጥ አለ፤ ከዚህ ጽሑፍ ጋር አያይዤዋለሁ። የአሪቲው ሽታ ጠፍቷል። ቅባት ግን እንዳልኋችሁ አይደርቅም። ወደ መስኮት ይዛችሁ እዩት። መሀሉ ላይ ያለው አውራ ጣት የእኔ ነው።